ዜሮ የጻፍኩባት ሜዳ

ማክሰኞ፣ ከንጋቱ 11 ሰዓት፤ ላሊበላ መናኸሪያ

ሰማዩ ገና አልገለጠም። የሰቆጣው ቅጥቅጥ ሞተሩን አስነስቶ ቆሟል። ረዳቱ “ሰቆጣ! አንድ ሰው! አንድ ሰው ብቻ!” እያለ ይጮኻል፤ ውስጥ ያለነው ግን ስድስት ነን። “አንድ ሰው” ማለት እስኪሞላ ማለት እንደሆነ የአገሬው ሰው ሁሉ ያውቃል። ሞልተን ስንነሳ ፀሐይ ወጥታ ነበር።

የምሄድበትን ጉዳይ ልናገር፤ ብትስቁ አልቀየምም። አዲስ አበባ ውስጥ አንድ አማካሪ ቀጥሮኛል። ሰውዬው አንድ ጥያቄ ይዞ እንቅልፍ አጥቷል፦ በዚህ ዓለም ላይ መረብ ኳስ የማይጫወቱበት ደቂቃ አለ ወይ? እሱ የለም ባይ ነው። እዚህ ሲመሽ እዚያ ይነጋል፤ አንዱ ሲያቆም ሌላው ይጀምራል። ይህን በቁጥር ለማሳየት ከየአህጉሩ ጥቂት ሜዳ መርጦ፣ በቀን ስንት ሰዓት እንደሚጫወቱ አስቆጥሮ፣ ከዚያ ሊያባዛ ነው። የአፍሪካን ተራራማ አገር እንዲወክል ዋግ ኽምራ ተመረጠ። ከዋግም ሁለት ሜዳ። ከሁለት ሜዳ ተነስቶ የአህጉር ተራራ ሁሉ ሲባዛ አስቡት። እኔ ደግሞ የጋዜጣ ደመወዝ አላዳርስ ብሎኝ እሺ ያልኩ ሰው ነኝ።

መመሪያው አጭር ነው፦ ቆጣሪው ከሜዳው ዳር ይቁም፤ ከዘጠኝ እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ያየውን ይጻፍ፤ ማንንም አይጠይቅ፤ ራሱ አይጫወት።

“ሰቆጣ ምን ልትሠራ ነው?” አለኝ ሾፌሩ፣ ቁልቁለቱን በሁለተኛ ማርሽ እየያዘ።

“መረብ ኳስ ልቆጥር።”

“ስንት ጠፋባችሁ?”

መንገዱ ጠጠር ነው፤ መጠምዘዣው አያልቅም። ግራና ቀኙ እርከን፣ የድንጋይ ቤት፣ ቁልቋል፣ የታጨደ የገብስ ማሳ። ጋዝጊብላ ላይ ወደ ገበያ የሚሄድ ሰው መንገዱን ሞልቶታል፤ አህያው እህል፣ ሰዉ ዶሮና እንቁላል ተሸክሟል። አንድም ኳስ አላየሁም።

ማክሰኞ፣ ከቀኑ 9 ሰዓት፤ ሰቆጣ

የፍየል ጥብስ ከአዋዜ ጋር በላሁ፤ አራት መቶ ብር፤ ፍየሏ በዕድሜ እኔን ሳትበልጥ አትቀርም። ከዚያ ወደ አንድ ትምህርት ቤት ግቢ ሄድኩ። መምህራንና የመሥሪያ ቤት ሠራተኞች ሸሚዛቸውን አጥር ላይ ሰቅለው ይጫወታሉ፤ የተሸነፈ ለስላሳ ይጋብዛል። ሰቆጣ ከተማ ነውና ዳር ለቆመ ሰው ማንም ደንታ አልነበረውም።

አንድ ሰዓት ከሃምሳ ደቂቃ መዘገብኩ። ከዚህ ውስጥ አርባ ደቂቃው “ወጥታለች፣ አልወጣችም” የሚል ክርክር ነበር። ክርክር ጨዋታ ነው ወይስ አይደለም? ቅጹ ላይ ቦታ የለውም። ዓለምን የሚቆጥር ሰው ይህን አላሰበበትም፤ እኔም ላስብለት አልቀጠረኝም።

ረቡዕ፣ ከቀኑ 8 ሰዓት፤ ጋዝጊብላ ውስጥ አንዲት ቀበሌ

ስሟን አልጽፍም፤ ምክንያቱ ወደ ኋላ ይገባችኋል። በአይሱዙ ጋቢና ተጭኜ፣ ከዋናው መንገድ ወርጄ፣ አንድ ሰዓት በእግር ወጣሁ። ደብዳቤዬን ለሊቀ መንበሩ አሳየሁ። ትሑት ሰው ናቸው፤ ወንበራቸውን ለቀው አስቀመጡኝ።

“ጥናቱ ለወረዳም እንደሚላክ ነግረውናል” አሉ። “ሜዳው አይሠራም ከተባለ የእህል መጋዘን እናቆምበታለን። ይሠራል ከተባለ እንዳለ ይቀመጣል። እርስዎ የሚጽፉት ነው የሚወስን።”

በልቤ ሳቅሁ። በዚህ አገር ጥናት መሳቢያ ውስጥ ገብቶ አይጥ ሲበላው እንጂ መሬት ሲወስድ መቼ ታይቷል?

ሜዳው ከጤና ኬላው ጀርባ ነው። ሁለት የባሕር ዛፍ ቋሚ፣ በመካከላቸው ከቃጫ የተሠራ መረብ። መረቡን የጎነጎኑት የደብሩ መርጌታ ናቸው፤ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ይዳኛሉ። የሊቀ መንበሩ መስተንግዶ አቆይቶኝ አሥር ሰዓት ገደማ ስደርስ አሥራ ሁለት ሰው እየተጫወተ ነው፦ ገበሬዎች፣ ሁለት መምህራን፣ አንድ ዲያቆን። ከሁሉ አየር ላይ ከፍ የምትለው አዋላጅ ነርሷ ዝማም ናት። እዚያው ዋግ ውስጥ ያለችው የኒሯቅ ከተማ ልጅ ናት፤ እዚህ ከተመደበች ሦስት ዓመቷ።

ሰዓቴን ከኪሴ ሳወጣ ኳሷ መሬት ወደቀች። ማንም አላነሳትም። ሁሉም ወደ እኔ መጡ።

“እንደምን ዋሉ? ደህና ነዎት? መንገዱ እንዴት ነው?”

በርጩማ መጣ። ጠላ መጣ፣ ቆሎ መጣ። ስለ አዲስ አበባ ኑሮ ተጠየቅሁ፤ ስለ ዘይት ዋጋ ተጠየቅሁ።

“ግዴለም፣ እናንተ ተጫወቱ” አልኩ።

መርጌታ ደነገጡ። “እንግዳ ቆሞ ኳስ መምታት? ምን ሰው ነን ታዲያ!”

ተሰናብቼ ሄድኩና ከገለባ ክምር ጀርባ ተደበቅሁ። ጨዋታው ሊጀመር ሲል አንዲት ሴት አየችኝ። እንግዳው ታሞ ወድቋል ተባለ። ዝማም የግፊት መለኪያ ይዛ እየሮጠች ደረሰች፤ ሁለት ገበሬዎች ቃሬዛ ሊያመጡ ተነሱ። ደህና መሆኔን ሳስረዳ አሥራ ሁለት ሰዓት ሞላ፤ ፀሐይም ጠለቀች።

ምን ይጻፋል? መመሪያው ያየኸውን ብቻ ይላል፤ ሰዓቴን ካወጣሁ ወዲህ ያየሁት ሰላምታ ነው። ኔትወርክ ወዳለበት ጉብታ ወጥቼ በቴሌግራም “ዜሮ” ብዬ ላክሁ። ከዚህ በላይ ያስደሰተኝ ነገር በጉዞው ሁሉ አልነበረም። ይኸው፣ ዓለምን አባዛ፤ በዜሮ አባዛው! እያልኩ ብቻዬን ሳቅሁ።

ሐሙስ፣ ከቀኑ 10 ሰዓት

መኪና የለም፤ ገበያ ሲሆን ነው የሚገኘው አሉ። ሜዳው አጠገብ ቆሜ ዳግም ጨዋታ ሳስቆም ዝማም ኳሷን ወረወረችልኝ።

“እርስዎ ዳር ከተቀመጡ እኛ መጫወት አንችልም። ይግቡና ይገላግሉን።”

ገባሁ። ያኔ ነው ይህች ሜዳ ምን እንደሆነች ያየሁት። ከአሥር ሰዓት እስከ ጨለማ ኳሷ አላረፈችም። የደከመው ይወጣል፣ ከማሳ የመጣው በእርፍ የሻከረ እጁን አራግፎ ይገባል። በመካከል አንድ ባል ሮጦ መጣና ዝማም ወጣች፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ “ወንድ ነው!” እያለች ተመልሳ ገባች። መርጌታ ለሕፃኑ አንድ ነጥብ ጨመሩላት፤ ተቃራኒው ቡድን በአገሬው ቋንቋ በኽምጣኛ ተንጫጫ።

አረፍ ስንል አጠገቤ ተቀመጠች።

“ጥሩ ጊዜ ነው የመጡ” አለችኝ። “በሚመጣው ሳምንት ጥናት የሚያጠና ቡድን በመኪና ይመጣል አሉ። ሜዳው ይሠራል አይሠራም ብሎ የሚወስን። ለዚያ ነው እንዲህ የምንለማመድ። መርጌታም አዲስ መረብ ጀምረዋል።”

የያዝኩትን የጠላ ጣሳ መሬት አስቀመጥኩ።

“ቀን ቀን የሰው ሕመም ነው የምሰማ” አለች። “እዚህ ዘመድ የለኝ፣ ቤት የለኝ። አሥር ሰዓት ሲሆን ነው እኔም ሰው የምሆን። ይህች ሜዳ ባትኖር አንድ ክረምት አልከርምም ነበር።”

እየተንደረደርኩ ጉብታው ላይ ወጥቼ ለአማካሪው ደወልኩ። ተሳስቻለሁ፣ ከሁለት ሰዓት በላይ ይጫወታሉ አልኩት።

“በምን አወቅህ?”

“አብሬ ተጫውቼ።”

“የተጫወተ አይቆጥርም፤ መመሪያውን አንብበሃል። ደግሞም ዝርዝሩ ዛሬ ጠዋት ለወረዳው ሄዷል።” ስልኩን ዘጋው።

ዓርብ፣ ከጠዋቱ 1 ሰዓት

መጀመሪያ ወደ ሊቀ መንበሩ ሄድኩ። ዛሬም ወንበር ለቀቁልኝ። ስልካቸውን አውጥተው ከወረዳ የተላከላቸውን ወረቀት አሳዩኝ፤ ከታች የእኔ ስም አለ።

“ትናንት እርስዎ ሲጫወቱ አይቻለሁ” አሉ። “ግን ዜሮ ያሉት እርስዎ ነዎት። እኔ በምን አንደበት ለወረዳ ልከራከር? ገበሬውም እህሉን ነቀዝ እየበላበት ነው።”

እውነታቸውን ነው። ተሰናብቼ ወጣሁ።

ዝማም የጤና ኬላውን በር እየከፈተች ነበር። ሁሉንም ነገርኳት፤ ቡድኑ እኔ እንደሆንኩ፣ ዜሮውን በሹፈት እንደላክሁት። መርጌታ ከኪዳን ጸሎት ሲመለሱ ደርሰው ሰሙ።

“ይሁን” አሉ መርጌታ ዝግ ብለው። “እንግዳ ንቀን ሜዳ ከምናተርፍ፣ አክብረን ብናጣው ይሻላል።”

“ለእርስዎ ቀላል ነው መርጌታ!” አለች፤ እንባዋ መጣ። “ቤትዎ አሉ፣ ልጆችዎ አሉ። እኔ ምን አለኝ?” ከዚያ ወደ እኔ ዞረች፤ አንቱታው ቀርቶ ነበር። “በርጩማ ሰጥተንህ፣ ጠላ ቀድተንልህ፣ እንዲህ ቀለድክብን? እኔ የታመምክ መስሎኝ ነው የሮጥኩልህ።”

አፍሬ መሬት መሬት አየሁ። ይቅርታ አልኩ፤ ይቅርታዬ ምንም አይሠራም ነበር። በሽተኛ መጣና ዝማም ወደ ሥራዋ ገባች።

ከሁለት ወር በኋላ፤ አዲስ አበባ

አማካሪው ውጤቱን በአንድ ሆቴል አዳራሽ አቀረበ። ትልቅ ካርታ፣ ብዙ ቀለም። በዓለም ላይ መረብ ኳስ የማይጫወቱበት ደቂቃ የለም አለ፤ ተጨበጨበ። ከሰቆጣ ነጥብ በቀር የእኛ ተራራ ነጭ ነው፣ ባዶ። “እዚህ አካባቢ የስፖርት ባህል የለም” ብሎ በብትሩ ነካው። ከኋላ ወንበር ተነስቼ “አለ! እኔ ነኝ ያጠፋሁት!” አልኩ። ሰው ዞሮ አየኝና ሳቀ፤ የምቀልድ መሰላቸው። ቀልደኛ ነው የሚል ስም ይዣለሁና አልፈርድባቸውም።

ማታውን ለመርጌታ ደወልኩ። መጋዘኑ ግድግዳው ቆሟል፣ ቆርቆሮ ብቻ ቀርቶታል አሉኝ። አዲሱ መረብ ቤታቸው ተጠቅልሎ ተቀምጧል።

“ዝማምስ?” አልኳቸው።

“ወደ ኒሯቅ ተዛወረች። ማመልከቻ ያስገባች ሜዳው የተቆፈረ ዕለት ነው።”

ምትክ ተልኮ እንደሆነ ጠየቅሁ። አልተላከም። ዝማም በሄደች ሳምንት አንዲት ወላድ በቃሬዛ ወደ ዋናው መንገድ ሲያወርዷት መንገድ ላይ ልጇ ሞቶባታል።