አባቴ ማኪናዋን ከፍ ያደረጋት ዓመት

አሁንም መንገድ ዳር አንዱ ሾፌር ክሪክ አስገብቶ፣ ብረቱ ቋ፣ ቋ እያለ መኪናውን ሽቅብ ሲገፋ ስሰማ ጥርሴን እነክሳለሁ። ወይ ጣጣ! ይህ ሁሉ ዘመን አልፎ እንኳ ያ ድምፅ ከጆሮዬ አልወጣም። ገና ስሰማው የጎንደሩ ግቢያችን፣ ከፒካፗ ሥር ብቅ ያሉት የአባቴ ሁለት እግሮች፣ በረንዳ ላይ እንዝርቷን እያሾረች «ምነው አንቱ፣ ዛሬም አላለቀም?» የምትለው እናቴ አንድ ላይ ይመጡብኛል።

አባቴ እህል ነጋዴ ነበር። ከአምባ ጊዮርጊስ ገበያ ገብስና ባቄላ በፒካፗ ጭኖ ወደ ጎንደር ያመላልስ ነበር፤ አንድ ክረምት ግን መንገዱ ላይ ጭቃው ሆዷን ይዞ አስቀራትና በበሬ ተጎትታ ወጣች። ያን ቀን የገበያው ሰው የሳቀው ሳቅ ከአባቴ ሆድ አልወጣ ብሎት፣ በሚቀጥለው ግንቦት ጣሊያን ጥሎት ከሄደ የተሰባበረ ካሚዮን ላይ ባሌስትራ፣ ማኪናን የሚሸከመውን ድርብርብ ብረት፣ ፈትቶ አመጣና በፒካፗ ባሌስትራ ላይ ደራርቦ አሰረው፤ ማኪናዋም እናቴ በርጩማ ካልተቀመጠላት በቀር የማትወጣባት ሆና ቁጭ አለች። ጎረቤቱ ሁሉ እየዞረ አይቶ «አያ ዘለቀ፣ ሸጋ አርገዋታል!» ይለው ነበር።

ሸጋ! ሸጋነቷስ ስትቆም ነው፤ ስትሄድ ማን አያት! ከግቢ ወጥታ ገና አስፋልቱን ስትይዝ አንዴ ወደ ቀኝ፣ አንዴ ወደ ግራ እንደ ሰካራም ትላጋ ጀመር። አባቴ ደግሞ ቤተ ክርስቲያን ባየ ቁጥር ባርኔጣውን አንሥቶ አንገቱን ሰበር ሳያደርግ የማያልፍ ሰው ነበርና፣ በጎንደር ደግሞ ቤተ ክርስቲያን የማይታይበት መንገድ የለምና፣ እናቴ ጥፋቱን ሁሉ ባርኔጣው ላይ ጣለችው። «በሁለት እጅዎ ይያዙ እንጂ፣ ታቦቱ በልብ ሲሳለሙት አይቀየምም!» አለችው። ባርኔጣውን እቤት ትቶ ወጣ፤ ማኪናዋ ያው መላጋቷን አልተወችም። እሱም ምክንያቱ ባሌስትራው መሆኑን ከማመን ይልቅ መንገዱን፣ ጎማውን፣ ነፋሱን ሳይቀር ይወቅስ ነበር።

ክረምቱ እንደገባ ከአምባ ጊዮርጊስ መልእክት መጣ። አያቴ፣ የእናቴ እናት፣ ደክማለች፤ ስም መርሳት ጀምራለች፤ ልጇን ደግሞ ትጠራለች። እናቴ ዕለቱን ስንቅ ቋጠረች። አባቴ ግን በኮሶዬ በኩል ያለውን ገደል እያሰበ፣ በዚህች በምትላጋ ማኪና እንዴት አድርጌ እወስድሻለሁ አለ። በሌላ ሰው ካሚዮን ልሂድ ስትለው ደግሞ ደም ሥሩ ተገታተረ፤ «ማኪና ያለው ሰው ሚስት በሰው እህል ጆንያ ላይ ተቀምጣ ስትሄድ አገር ይይ? ቀጥ ባለች ማግስት እወስድሻለሁ አልኩ፣ አለቀ!» እናቴም የቋጠረችውን ፈታችና ለገበያ ከመጡ ሰዎች ጋር «ማኪናዋ ስትስተካከል እመጣለሁ በሏት» ብላ ላከች። ያን ጊዜ ነገሩ የጥቂት ቀን ይመስላት ነበር።

አንድ ሾፌር ለአባቴ፣ የፊት ጎማዎቹ ከፊት ጠበብ፣ ከኋላ ሰፋ ማለት እንዳለባቸው፣ ባሌስትራው ከፍ ሲል ግን ያ ልክ እንደሚዛባና መሪውን ከጎማው የሚያገናኘውን ዘንግ እያጠበቁ ወይም እያላሉ መመለስ እንደሚቻል ነገረው። ምነው ባልነገረው! አባቴ እናቴ ለአያቴ ጋቢ ብላ ስትፈትለው የከረመችውን ፈትል ከሙዳይ አወጣና፣ ማኪናዋን በክሪክ አንጠልጥሎ ፈትሉን ከጎማ ጎማ ወጥሮ መለካት ጀመረ። ይለካል፣ ያጠብቃል፣ ያወርዳታል፣ ዝናቡ ጋብ ሲል ይነዳታል፤ ከዚያ ጭቃ በጭቃ ሆኖ እየተራገመ ይመለሳል። በማግስቱ ሲለካው ትናንት ልክ የነበረው ልክ አይሆንም። እናቴ በረንዳው ላይ ተቀምጣ፣ ነጩ ፈትሏ በግራሶ ሲጠቁር እያየች ሌላ ትፈትል ነበር፤ እሱም ያንን ይወስድባታል።

መስከረም ጠባ፣ አደይ ወጣ፣ መንገዱ ደረቀ፤ ማኪናዋ ግን የፊት ጎማዎቿን ጠርዝ ጠርዙን በልታ ጨረሰች። አባቴ ከአሥመራ ሌላ ጎማ አስመጣ፤ እሱንም ትበላው ጀመር። የንስሐ አባታችን መጥተው ጠበል ረጯትና «ልጄ ዘለቀ፣ ማኪናዋ ላይ ሰይጣን የለም፤ አንተ ላይ ግን ትዕቢት ሳይኖር አይቀርም» ቢሉት፣ ጉልበታቸውን ስሞ ሸኛቸውና ተመልሶ ከማኪናዋ ሥር ገባ። የሰው ምክር ጆሮ ዳባ ልበስ! ጥቅምት እንዲሁ አለፈ። እኛ ልጆቹ እንኳ የአያታችንን ስም ጮክ ብለን መጥራት ፈራን፣ ስሟ በተነሣ ቁጥር እናቴ ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞር ነበርና።

ኅዳር ላይ ከአምባ ጊዮርጊስ የመጣ ዘመድ ደጃፋችን ላይ ቆሞ «እማማ ሰው መለየት እያቃታቸው ነው፤ ከመጡ አሁን ይምጡ» አላት። እናቴ ሰውየውን አብልታ ከሸኘችው በኋላ ቀጥ ብላ ወደ ግቢው ወርዳ፣ አባቴ የወጠረውን ፈትል ከጎማው ላይ በጥሳ ሰበሰበችው። ዕድሜ ልኳን አንቱ ስትለው የኖረችውን ሰው ያን ቀን አንተ አለችው።

«አንተ ሰው፣ ልብ የለህም? ፈትል ሲስቡት ይለጠጣል፣ ሲረጥብ ይረግባል! ይህንንማ ጥጥ የሚለቅሙ ልጆች እንኳ ያውቁታል፤ አንተ በምን ስትለካ ነው የከረምከው? እናቴን እኮ ነው በዚህ ክር የለካህብኝ!»

ፈትሉንም ክሪኩንም ጓዳ ከትታ ቆለፈችና ቁልፉን መቀነቷ ውስጥ ሸጎጠችው። አባቴ ግቢው መካከል ቀረ። እሷን ቁልፍ መጠየቅ አልደፈረም፤ ስለዚህ ከአጥራችን ሸምበቆ ቆርጦ፣ ማኪናዋን በአራት ጎማዋ መሬት ላይ እንደ ቆመች፣ በደረቱ ተኝቶ ለካት። ሸምበቆ አይለጠጥ፣ አይረግብ፤ ማኪናዋም በክሪክ ተንጠልጥላ የነበራት ልክና መሬት ረግጣ ያላት ልክ ለካ ለየቅል ኖሯል። ዘንጉን ጥቂት ቢያላላው ነገሩ አለቀ። ይኸው ነው እንግዲህ፤ ከሰኔ እስከ ኅዳር ያንገበገበን ነገር ይኸው ነው!

በማግስቱ ማልደን ወጣን። ማኪናዋ እንደዚያ ቀን ቀጥ ብላ ሄዳ አታውቅም። ኮሶዬን ስናልፍ አባቴ ሁለት እጁን ከመሪው አንሥቶ «እዪ! እዪ እንጂ ጥሩወርቅ! ንቅንቅ አትልም!» እያለ እንደ ሕፃን ይፈነድቅ ነበር። እናቴ ዓይኗን ከመስታወቱ ውጭ ካለው የገብስ ማሳ ላይ አላነሣችም።

አያቴ ከደጅ ፀሐይ ላይ፣ ቆዳ ተነጥፎላት፣ የሰው ጋቢ ለብሳ ተቀምጣ ነበር። እናቴ ሮጣ ሄዳ እግሯ ላይ ወደቀች። አያቴ ደንገጥ አለችና፣ ለእንግዳ እንደሚደረገው ከመቀመጫዋ ልትነሣ ሞከረች።

«ኧረ በእግዜር፣ ይነሡ እመቤቴ! ምነው አንቱ፣ ከየት መጡ?»

«እማዬ፣ እኔ ነኝ፤ ጥሩወርቅ ነኝ።»

አያቴ ፊቷን ትክ ብላ አየችው፤ ከዚያ ራሷን ነቀነቀች። «ጥሩዬ እንኳ ጎንደር ናት» አለች በትሕትና። «ልጄን ያውቋታል? ትመጣለች። ማኪናዋ ስትስተካከል ትመጣለች።»

አባቴ ባርኔጣውን በእጁ እንደ ያዘ ከኋላችን ደርሶ ነበር። ይህን ሲሰማ ወደ ማኪናዋ ተመለሰና እስክንጠራው ድረስ አልመጣም። አያቴ ለጥምቀት አልደረሰችም።

ዛሬ ያን ሁሉ የሚያደርግ ማሽን መጥቷል። መኪናው ላዩ ላይ ይወጣል፣ ልጁ አንድ ነገር ይጫናል፣ ሻይህን ጠጥተህ ሳትጨርስ ጎማው ልኩን ይይዛል። ማሽኑ ያን ጊዜ ቢኖር ኖሮ እላለሁ፤ ግን አባቴን አውቀዋለሁ፣ ሌላ የሚጠብቀው ነገር ያገኝ ነበር። ልጄም ከባሕር ዳር ይደውልልኛል። «እማዬ፣ መኪናው ጋራዥ ገብቷል፤ እንደ ወጣ እመጣለሁ» ይለኛል። «በአውቶቡስ ና» እለዋለሁ። ይስቃል፤ የምቀልድ ይመስለዋል።