በረዶ የሚወጋው ሽማግሌ

አካላ በሚባለው የበረዶ አገር ሰፈራችን ውስጥ ያን ፈረንጅ ሽማግሌ የሚወደው የለም። ሰላም ሲሉት አይመልስም፤ የጆሮውን ጫፍ ውርጭ በልቶታል። በረዶ በጣለ ቁጥር፣ ጠራጊው መኪና የከመረውን በረጅም ቀጭን ዘንግ እየወጋ ይዞራል። ተራራ ላይ የበረዶ ናዳ የቀበረው ሰው የሚፈለግበት ዘንግ ነው።

ዛሬ ክምሩ ላይ የምትዘለውን ሩሚሳን "ውረጂ!" ብሎ አምባረቀባት። እናቷ ሙፈሪሃት ሽማግሌ ነው ብላ አላለፈችውም።

"ምን ሆነሃል? በረዶው እንደ ድንጋይ ጠንክሯል!"

"ላዩ ሲጠነክር ነው የሚከዳው። የኔም ልጅ እንዲሁ ብላኝ ነበር። ውሰጃት!"

እየረገመችው ልጇን ጎትታ ገባች። በመስኮት ስታየው፣ ሩሚሳ ቆማበት የነበረውን ቦታ ይወጋል፤ ግን ቀስ ብሎ፣ ከስር ያለችውን እንዳያማት የሚሳሳ ይመስል።