የተውነው አልጋ

በዚህ ነገር ውስጥ የነበርነው አምስት ሰዎች ነን። አንደኛ እኔ፣ በአዳማ ባቡር ጣቢያ እህል መዛኝ፤ ፊደልን ከነጋዴዎች ደረሰኝ ላይ ብቻዬን ለቅሜ የተማርሁ። ሁለተኛ ሚስቴ። ሦስተኛ የበኩር ልጃችን፤ ከጣቢያው ጸሐፊ ዘንድ ፈረንሳይኛ ተምሮ አዲስ አበባ ትምህርት ቤት መግቢያ ያገኘ። አራተኛ የሚስቴ ወንድም፤ አዲስ አበባ ሰፊ ግቢ ያለው ሰው። አምስተኛ ከሁሩታ እህል የሚያመጣ ወዳጄ።

ትምህርት ቤቱ ለልጄ አልጋና ምግብ ሰጥቶት ነበር። በባቡር ወስጄ ላስረክበው ስል የሚስቴ ወንድም አዲስ አበባ ጣቢያ ወጥቶ ጠበቀን።

«እኔ ሞቼ ነው የእህቴ ልጅ አዳሪ ቤት የሚተኛው? ሰው ቢሰማ ምን ይለኛል?»

«አልጋ ተሰጥቶታል እኮ» አልሁ።

«የእኔ ቤት አልጋ የለውም? እንዲህ ነው የምትንቀኝ?»

ልጄ ክንዴን ያዘኝ። «አባባ፣ እዚያው ብሆን ይሻለኛል።»

«ዝም በል! ትልቅ ሰው ሲነጋገር ምን ጥልቅ አደረገህ?» አልሁት።

ዘመድ እንዳይቀየም ብዬ አልጋውን ተውሁ። ባዶ እጃችንን እንዳንታይም በየወሩ አንድ ጭነት ጤፍ በባቡር እልክ ጀመር።

በስድስተኛው ወር የሁሩታው ወዳጄ ከአዲስ አበባ ተመልሶ ሚዛኑ አጠገብ ቆመ።

«ልጅህ ትምህርቱን ጨረሰ እንዴ?»

«ምን ማለትህ ነው?»

«የአማችህን ጋሻ ተሸክሞ ከበቅሎው ኋላ ሲሮጥ አይቼው ነው። ለአሽከር ቀለብ ከቤቱ የሚልክ አባት አንተን አየሁ!»

በማግስቱ ተሳፈርሁ። የገዛሁለት ደብተር ከአጋማሹ ወዲያ ነጭ ነበር። የትምህርት ቤቱ ሹም፣ «ከገና ወዲህ አልመጣም፤ ቦታውን ለሌላ ሰጥተናል። ለከርሞ ይሞክር» አለኝ።

የሚስቴ ወንድም ግን አላፈረም። «አብልቼዋለሁ፣ አልብሼዋለሁ። አጎቱን ቢያጅብ ነውር ነው?»

«ልጄን የላክሁት ለጋሻህ ነው?» ብዬ ጮህሁበት። ከዚያ ወደ ልጄ ዞርሁ። «አንተስ ለምን አልጻፍህልኝም?»

«ዝም በል ብለውኝ አልነበር?» አለኝ።

ዛሬም ሳስታውሰው ደሜ ይፈላል። በዚያ ሰው እናደዳለሁ፤ በራሴ ግን ይብሳል። እሱ አጃቢ ፈለገ፣ እኔ ደግሞ በዘመድ ዘንድ መመስገን ፈለግሁ፤ መማር የፈለገው ልጁ ብቻ ነበር፤ አፉን ያስያዝነውም እሱን ነው። ልጃችሁን ለትምህርት የምትሰዱ ወላጆች፣ የሚያጠናበት ጊዜና ቦታ እንዳለው ሳትጠይቁ ለማንም አታስረክቡት፤ መጀመሪያም የምትጠይቁት እሱን ይሁን።

የወጣው ዋጋ ይህ ነው። የሁሩታው ወዳጄ ምንም አልከፈለም። የሚስቴ ወንድም አንድ አጃቢ አጣ፤ ወዲያው ሌላ አገኘ። ሚስቴ ወንድሟን አጣች፤ ደጁን ዳግመኛ አልረገጠችም። ልጄ አንድ ዓመት ከፈለ። እኔ ስድስት ጭነት ጤፍ ከፈልሁ፤ በላዩም በዓመቱ ልጄ ወደ ትምህርት ቤቱ ሲመለስ አጠገቡ ልቀመጥበት የነበረውን የባቡር ወንበር አጣሁ። አብሬው እንዳልሄድ ነግሮኝ ብቻውን ሄደ።