«ለዱላ ናት»

ሰሞኑን የእህቴ ልጅ ስለ አርሲ ሴቶች የተጻፈ አዲስ መጽሐፍ ይዛልኝ መጣች። ጥቂት ገጾች ገፋሁና ዘጋሁት። «አክስቴ፣ ርእሱ አልሳበሽም እንዴ?» ብላ ገረማት። እኔን የሚያናድደኝማ መሳቡ ነው። ስለማያገባኝ ነገር የተጻፈ መጥፎ መጽሐፍ እንቅልፍ ቢያመጣብኝ ነው። ስለምወደው ነገር የተጻፈውን ግን ስከፍተው ልቤ ይመታል፣ ስዘጋው የተቀማሁ ይመስለኛል። ይህ አመል የጀመረኝ ተማሪ ሳለሁ ነው።

አዳዳ ሸምሲያ የአባቴ እህት ነበረች፤ በኦሮምኛ የአባትን እህት አዳዳ እንላለን። ቤቷ ሲሬ አጠገብ ነው። አንድ ክረምት መጽሐፍ የሚጽፍ ሰው ከአዲስ አበባ መጥቶ እሷ ዘንድ አረፈ፤ ስለ ስንቄ ሊጠይቃት። ስንቄ የአርሲ ሴት ስትዳር እናቷ የምትሰጣት ቀጭን በትር ናት። ሴቶች ስንቄያቸውን ይዘው በተጣሉ ሰዎች መሃል ከቆሙ፣ ያንን አልፎ የሚማታ ወንድ የለም። አስተርጓሚ ላምጣ ቢላት፣ እንግዳዬን በሰው አፍ አላናግርም ብላ በዚያች በገበያ አማርኛዋ ስታወራው ሰነበተች። በቅቤ የራሰ የገብስ ጭኮ አበላችው። ሲሄድም ስሟን ከነአባቷ እንደሚጽፍ ቃል ገባላት። ፊደል አልቆጠረችም፤ ቢሆንም ስሟ የሚነበብበት ቀን ለእሷ ከሰርግ የሚያንስ አልነበረም።

መጽሐፉ የወጣው ገብስ በሚታጨድበት ወራት ነው። አባቴ ከአሰላ ገዝቶ ሰጠኝና እስከ ሲሬ በአውቶቡስ፣ ከዚያ በጋሪ ሄድኩ። መንገዱ አቧራ ብቻ፣ ግራና ቀኙ የገለባ ሽታ ነበር። ለመክፈት እጄን እየበላኝ፣ አብረን እንስማው ብዬ ታገስኩ። ስደርስ ጎረቤቶቿ ቤቱን ሞልተውት ነበር። ባሏም በሩ ላይ ቆሟል።

ስሟን ከነአባቷ ስጠራ ሴቶቹ እልል አሉ። ዓይኔ ወደሚቀጥለው መስመር ወረደ። በዚህ አገር እናት ልጇን ስትድር ባልየው የሚደበድብባትን ዱላ አብራ ትሰጣለች ይላል፤ እኚህ እናት ራሳቸው «ለዱላ ናት» ብለው ነግረውኛል ይላል።

ማንበቤን አቆምኩ። አዳዳ እንዲያ ማለቷ እውነት ነው። ግን በኦሮምኛ ዱላ ጦርነት ነው፣ ዘመቻ ነው። ጦርነት ሲነሳ መሃል ገብተን የምናስቆምባት ናት ማለቷ ነበር። ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል ይባላል፤ ያን ሁሉ ቀን ጭኮዋን ሲበላ ምን ማለትዎ ነው ብሎ ቢጠይቃት ምን ነበረበት?

«ምነው ቆምሽ? አንብቢ እንጂ» አለችኝ።

አነበብኩላት፤ በኦሮምኛም ነገርኳት። ባሏ በዕድሜው አንድም ቀን እጁን አንስቶባት የማያውቅ ሰው ነው፤ አንገቱን ደፍቶ ወደ ውጭ ወጣ። ከሴቶቹ አንዷ ስንቄዋን ይዛ ተነሳች። ሴት ስትዋረድ ስንቄ ይዘው ወጥተው፣ ያዋረደው ይቅርታ እስኪጠይቅ ደጁ ላይ መቆም ወጋቸው ነው።

«ተቀመጪ» አለቻት አዳዳ። «የሰውዬውስ ደጅ ይገኛል። መጽሐፉ የገባበትን ቤት ሁሉ የት እናውቀዋለን?»

ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «በይ ልጄ፣ ስሜን ከውስጡ አውጪልኝ።»

የታተመ አይወጣም አልኳት። ይህ ነገር የገባት አልመሰለኝም፤ የሰጡትን ስም መልሶ መውሰድ እንዴት ያቅታል?

አዳዳ ካለፈች ቆየች። ይህን ስነግራት የእህቴ ልጅ ስልኳን አውጥታ የአዳዳን ስም ፈለገች። የመጣላት ያው አንቀጽ ነው፤ አንድ ሰው ለጥናቱ እንዳለ ገልብጦታል። ሌላ ምንም አልተገኘም። ስለ እኛ የተጻፈ ባየሁ ቁጥር እየተናደድኩም የምገዛው፣ በአንዱ ገጽ እንኳ እውነተኛዋን አዳዳ ባገኛት ብዬ ነው። እስካሁን አላገኘኋትም። አንድም ቀን ያልተመታችው ሴት፣ በስሟ በተገኘው ብቸኛ ጽሑፍ ውስጥ ዛሬም ትደበደባለች።