ካርዱ ሳይገለጥ

ልብስ ሰፊዋ ያገባችው ወሬ የማይነጥፍበት ሰው ነበር። ባሏ ፀጉር አስተካካይ ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ «ሬዲዮ» ነበር የሚለው። ፀጉሩ ያላደገ ሰው እንኳ ጨዋታ ሊሰማ ወንበሩ ላይ ይቀመጥለታል። ወሬው የሚጥምበት ቦታ ሲደርስ መቀሱን ያቆማልና፣ ግማሽ ጭንቅላቱን ተከርክሞ በሳቅ የሚፈርስ ደንበኛ ማየት ብርቅ አልነበረም። ቤት ሲገባም አያርፍም። «ኧረ በፈጠረህ ጆሮዬን አሳርፈው!» ትለው ነበር ሚስቱ፣ ከስፌት መኪናዋ ቀና ሳትል።

አንድ ጠዋት ስትሮክ መታውና ጆሮዋ አረፈ። ቀኝ እጁ ዛለ፣ ቃል ከአፉ ጠፋ። የሚነገረውን ሁሉ ይረዳል፣ በቀልድ ይስቃል፤ ራሱ ሊናገር ሲሞክር ግን ግንባሩ በላብ ይጠመቃል እንጂ የሚወጣ ነገር የለም። «ዝም አይነቅዝም» የሚለውን ተረት ያወጣ ሰው፣ ቤቱ እንዲህ ያለ ዝምታ ገብቶበት አያውቅም። ይነቅዛል እንጂ! ሰውየው ከውስጥ ሲበላ ሚስቱ በዓይኗ አየች። ደንበኞቹ መጀመሪያ ሊጠይቁት መጡ፤ ቆይተው ከበር ሰላም ማለት ጀመሩ፤ በኋላ ሌላ ፀጉር ቤት አገኙ። የራሱ የሆነ አንድ ቃል ከአፉ ብትሰማ ያላትን ሁሉ በሰጠች ነበር።

ሆስፒታሉ እጁን የሚያሹለት እንጂ ንግግር የሚያስለምዱለት ባለሙያዎች አልነበሩትም። አንዲት ነርስ አዝና፣ የንግግር ሕክምና የምታጠና የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ለመመረቂያ ጥናቷ እንዲህ ያሉ ታማሚዎችን እንደምትፈልግ ነገረቻት። ሚስቱ በማግስቱ ይዛው ሄደች።

ተማሪዋ ቀጭን፣ ትሁት ልጅ ነች። የነጭ ጋውኗ እጅጌ ረዝሞባት ጣቶቿን ውጧቸዋል፤ ልብስ ሰፊዋ መጀመሪያ ያየችው እጅጌውን ነው። ልጅቱ ነገሩን ቀስ ብላ አስረዳች። ታማሚዎቹ በዕጣ ለሁለት ይከፈላሉ፤ አንዱ ቡድን ሕክምናውን አሁን ይጀምራል፤ ሌላው ይጠብቃል፤ እስከዚያው እየመጣ ይለካል ብቻ። ሕክምናው መሥራት አለመሥራቱ የሚታወቀው ሁለቱ ሲነጻጸሩ ነው። ጥናቱ ሲያልቅ ለጠበቁትም ተራቸው ይደርሳል። ከዚያ ደንቡን አነበበች፤ በደንቡ መሐል «ቤት ውስጥ ልምምድ አይደረግም» የሚል ነበረበት። ልብስ ሰፊዋ በሁሉም ላይ ራሷን ነቀነቀች። ዕጣው ወጣና ሬዲዮ ከጠባቂዎቹ ሆነ። ላም አለኝ በሰማይ ማለት እንግዲህ ይሄ ነው።

መለኪያው የሚካሄደው በሆስፒታሉ ኮሪደር ጫፍ ባለች ጠባብ ክፍል፣ የልብስ ማጠቢያው እንፋሎት በሚታይበት መስኮት ሥር ነበር። ተማሪዋ ድምፅ መቅጃውን ትከፍትና የስዕል ካርዶቿን አንድ በአንድ ትገልጣለች፤ እሱ ስማቸውን መጥራት አለበት። መቀስ ወጣ። ዕድሜውን ሙሉ ይዞት የኖረውን መቀስ አየና ላብ አጠመቀው። በግራ እጁ ሁለት ጣቶች አየሩን ቆረጠ። ልጅቱ ልክ ነዎት ወይም ተሳስተዋል ሳትል ምልክት አደረገችና ወደሚቀጥለው አለፈች። ሚስቱ ከኋላ ተቀምጣ ከንፈሯን ነክሳ ነበር።

«አይዞዎት እማማ፣ ይሄ ፈተና አይደለም፤ መለኪያ ነው» አለቻት ተማሪዋ።

«ይገባኛል ልጄ» አለች። አልገባትም። እሷ በምታውቀው ዓለም ጠያቂ እስክሪብቶ ይዞ ከፊትህ ከተቀመጠ ፈተና ነው፤ የወደቀ ወደ ኋላ ይቀራል፣ ያለፈ ወደ ፊት ይሄዳል። ዕጣ የሚሉት ነገር የጨዋ ሰው አነጋገር መሰላት። ደካማ ስለሆነ ነው ወደ ኋላ ያደረጉት፤ ጎበዝ ከሆነላቸው ይወስዱታል።

ሰው የለበሰውን ቀሚስ አንዴ አይታ በማግስቱ የምትቆርጥ ሴት ስዕል አትረሳም። ቤቷ ገብታ በልብስ መቁረጫው ወረቀት ላይ ካርዶቹን በየተራቸው ሳለቻቸው። መቀስ፣ መሰላል፣ ጃንጥላ፣ ቁልፍ፣ ወንበር። አመሻሽ ላይ ጨርቁን ከጠረጴዛው ታነሳና ባሏን ታስቀምጠዋለች። «መቀ... በል እንጂ፣ መቀ...» እሱ ወረቀቱን ይገፈትራል፤ እሷ ትለቅማለች። እሱ ጠረጴዛውን በቡጢ ይላል፤ እሷ ጓዳ ገብታ አልቅሳ ትመለሳለች። ታክቷትም አያውቅ። «...ስ» ብሎ የጨረሰላት ቀን አቅፋው ሁለቱም ሊወድቁ ነበር።

ለሚቀጥለው መለኪያ ሸሚዙን ተኩሳ ወሰደችው። ካርዱ ተገለጠ። «መቀስ» አለ። የተማሪዋ ፊት በራ፤ እውነተኛ ደስታ ነበር፣ አይካድም። «መሰላል» አለ። ልጅቱ እጇን ወደሚቀጥለው ካርድ ሰደደች።

«ጃንጥላ» አለ ሬዲዮ።

ካርዱ ገና አልተገለጠም። ልጅቱ እጇ በአየር ላይ ቀረ። እሱ ግን አንዴ ተከፍቷል፣ ማን ያቆመዋል? «ቁልፍ፣ ወንበር» እያለ ወረደው። ከዚያ ወደ ሚስቱ ዞሮ ፈገግ አለ።

«እማማ... ቤት ያለማምዷቸዋል እንዴ?»

«ታዲያስ! ማን ያለማምድልኝ ኖሯል?» አለች በኩራት፣ ስዕሎቿን ከቦርሳዋ እያወጣች።

ተማሪዋ ስዕሎቹን አየች፤ ፊቷ አመድ መሰለ። ባልየውን ውጪ አግዳሚው ላይ አስቀምጣ መምህሯን ይዛ ተመለሰች። መምህሩ ለስላሳ ድምፅ ያለው ነበር፤ ቢቆጣ ይሻል ነበር።

«ክፋት አስበው እንዳላደረጉት እናውቃለን» አለ። «ግን የባለቤትዎ ውጤት ከእንግዲህ ለጥናቱ አይሆንም። ልናወጣቸው ነው።»

«ተራችንስ?»

«ተራው ለተሳታፊዎች ነው፤ ያለው ሰዓትና ቦታ ለነሱ ብቻ የተፈቀደ ነው።»

«እኔ የማውቀው ሰው ወድቆ ሲባረር ነው» አለች ልብስ ሰፊዋ። «አልፎ ሲባረር ያየሁት ዛሬ ነው።»

ደንቡ የሞኝ ደንብ አይደለም፤ ሁሉም ቤቱ እያጠና ቢመጣ የትኛው ሕክምና እንደሚሠራ ማን ያውቃል? ይህን እኔም እቀበላለሁ። ግን ደንብ ከነምክንያቱ ልክ ሆኖ ሰው ደጅ የሚቀርበት ጊዜ አለ፤ ያኔ ማንን ትረግማለህ? ተማሪዋ ኮሪደሩ ላይ ሮጣ ደረሰችባት፤ «ልመረቅ ብቻ፣ በግሌ ቤታችሁ እየመጣሁ አለማምዳቸዋለሁ» አለች፣ እንባ በዓይኗ ሞልቶ። ተመረቀች፤ ሌላ ከተማ ሥራ አገኘች። አልመጣችም።

ባልየው የዚያን ዕለት ውጪ አግዳሚው ላይ ስለቆየ መምህሩ ያለውን አልሰማም። ቤት ሲደርሱ በቅንድቡ ጠየቃት።

«አልፈሃል!» አለችው። ከአፏ እንዴት እንደወጣ አታውቅም። «አሁን ወደ ሕክምናው ነው። ይጠሩናል።»

ፊቱ እንደዚያ ሲፈካ ከታመመ ወዲህ አላየችም። እውነቱን ነገ እነግረዋለሁ አለች፤ ነገም ነገ አለች። እሱ ስዕሎቹን በየቀኑ ደጋግሞ ይጠራል፤ ውኃ ሲጠማው ግን «ወንበር» ይላል፣ ስህተቱን ራሱ ይሰማና ያፍራል።

የወትሮው የቀጠሮ ቀን ደረሰ። እሷ ልትረሳው ፈልጋ ስፌቷን ገና በጠዋት ጀመረች። እሱ ማንም ሳያግዘው ተነሳ። በግራ እጁ የሸሚዙን ቁልፎች እያዛነፈ ቆለፈ፣ ጫማውን አጠለቀ፣ ፀጉሩን በውኃ አበጠረ፤ መጥቶም ከመኪናዋ አጠገብ ቆመ። እሷ ያላየች መስላ ጨርቁን ገፋች። አፉን ሲከፍት፣ ያው መቀስ ነው አለች በሆዷ።

«እንሂድ» አለ።

እግሯ ፔዳሉ ላይ ደረቀ። ይህን ማንም አልሳለውም፤ ስዕልም የለው። ስትጠብቀው የኖረችው ቃል ይኸው መጣ፣ ከገዛ ሆዱ፣ ጥርት ብሎ። እሱም ያለውን ሰማ፤ ሳቀ፤ ደገመላት።

«እንሂድ።»

«እሺ» አለችው፣ ጫማዋን እየፈለገች።