ጽዋው ከጀልባ የወረደ ዕለት

ይቅር በይ የሚሉኝ ሰዎች አሉ። የነፍስ አባቴም ይሉኛል። እሺ እላቸዋለሁ፤ እሺ ማለት አያደክምም። የዚያን የጀልባ ቀን ሳስታውስ ግን እስከ ዛሬ አንጀቴ ቅቤ ይጠጣል። ይህን ደብቄ ደግ ሰው መስዬ ብጽፍ ማን ያምነኛል?

የጣና ዳር ልጅ ነኝ። መቐለ የገባሁት አስተማሪ ሆኜ ተመድቤ ነው፤ እዚያው አገባሁ፣ እዚያው ቀረሁ። ባሌ የመቐለ ልጅ ነው፤ ጨዋ፣ ዝምተኛ፣ በሰው ላይ ድምፁን ከፍ አድርጎ የማያውቅ። ታላቅ እህቱ ግን የሱንም ድርሻ ጨምራ ትናገራለች። ለወንድሟ ሌላ ሴት አስባለት ነበር፤ ቤተሰቧ የታወቀ፣ እሷ የመረጠቻት። እኔ መጥቼ ነገሩን አፈረስኩባት። ሠርጋችን ላይ ጨፍራለች፣ ጉንጬን አገላብጣ ስማኛለች። አፏ ቅቤ፣ ሆዷ ጩቤ። እኔ ሞኟ ቅቤውን አመንኩ።

እሷ በቁሓ መንገድ በጥርብ ድንጋይ የተሠራ ቪላ ነበራት። እኔና ባሌ ዓዲ ሓቂ ሰፈር፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በሚከራዩበት ግቢ ውስጥ፣ ሁለት ክፍል ይዘን እንኖር ነበር። የአስተማሪ ደመወዝ ከዚያ በላይ አያስኬድም። አላፈርኩበትም፤ እስክታሳፍረኝ ድረስ።

በየወሩ በሃያ አንድ የእመቤታችንን ማኅበር የምንጠጣ ሴቶች ነበርን። ደንቡን ለማያውቅ ልንገረው። የወሩ ባለ ተራ ደግሳ ታበላለች፣ ታጠጣለች። ሲያበቃ በሐር ጨርቅ የተሸፈነውን ጽዋ በሁለት እጇ ለቀጣይዋ ታስረክባለች። ተቀባይዋ ጫማዋን አውልቃ፣ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ጽዋውን ስማ ተቀብያለሁ ትላለች፤ ሴቱ እልል ይላል። ከዚያ በኋላ መመለስ የለም። ጽዋው ወሩን እሷ ቤት ያድራል፣ በወሩ ማኅበሩ ወደሷ ይሄዳል። መሬት አይቀመጥም፣ እንደ ዕቃ ከእጅ እጅ አይወረወርም። የባሌ እህት የማኅበሩ ሙሴ ነበረች፤ ሙሴ የምንለው መሪያችንን ነው።

ተራዬ ደረሰ። ነጠላዬን አጥቤ፣ ለድግሱ ጌሾና ብቅል አዘጋጅቼ ሄድኩ። ጫማዬን አወለቅኩ፣ እጄን ዘረጋሁ። ባለ ተራዋ ልትሰጠኝ ስትል የባሌ እህት ክንዷን ይዛ አስቆመቻት።

«ጽዋ በኪራይ ቤት አያድርም» አለች። «አከራይ ባስወጣችሁ ቀን እመቤቴን የት ልታደርሷት ነው?»

እንዲህ ያለ ደንብ ሰምቶ የሚያውቅ አልነበረም። ከኔ በፊት የተከራዩ ሴቶች ጽዋ ወስደዋል፣ ደግሰዋል፣ ማንም ቃል አልተነፈሰም። ደንቡ የወጣው እኔ እጄን በዘረጋሁባት ደቂቃ ነው። ጽዋው አልፎኝ አጠገቤ ላለችው ሄደ። ባዶ እግሬን ቆሜ ቀረሁ፤ ሴቱ ሁሉ ወለሉን ያያል። እልልታው ሲሰማ ጆሮዬ ነደደ። ቤቴ ገብቼ ለባሌ ነገርኩት፤ እህቴ ናት፣ እለፊያት አለኝ። አለፍኳት መሰለው። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም፤ ቂሜን ቋጥሬ ተቀመጥኩ።

ተራው ዞሮ ዞሮ ራሷ ጋ ሲደርስ ወሩ ጥር ሆነ። የማኅበራችን አባት፣ ሽማግሌ ቄስ ናቸው፣ የጥር ማርያምን ጣና ደሴት ላይ እንጠጣ አሉ። ሁሉም ደስ አለው። አገሩ አገሬ ስለሆነ አስተባብሪ ተባልኩ፤ አውቶቡሱንም ጀልባውንም የተነጋገርኩት እኔ ነኝ። የባሌ እህት ጽዋውን ከመቐለ ጀምሮ ጭኗ ላይ አድርጋ መጣች። ባሌ ሥራ ይዞት ቀረ፤ መቅረቱ በጀኝ።

በመንገድ ላይ ጽዋውን ለማን እንደምታስረክብ ስታወራ ሰማኋት። ለጎረቤቷ፣ ፎቅ ላላት ሴት ነበር የታሰበው። ያኔ የተዘለልኩት እኔ ስለሆንኩ ተራው ግን የኔ ነበር። እኔን ቀና ብላ እንኳ አላየችኝም። ወይ ጉድ፣ አልኩ በልቤ፣ ባገሬ ውኃ ላይ ልትዘለኝ ነው።

ጠዋት ውኃው ጸጥ ብሎ ነበር። ጀልባው ሲነሣ የደንገሉ ሽታ አፍንጫዬን መታው፣ ልጅነቴ መጣብኝ። ከወንድሞቼ ጋር ከታንኳ ላይ እየዘለልን ያደግንበት ነው። የመቐለ ሴቶች እንዲህ ያለ ውኃ አይተው ስለማያውቁ ገሚሱ ይዘምራል፣ ገሚሱ ይስቃል፣ አንዳንዷ ዐይኗን ጨፍና እመቤቴን ትጠራለች። የባሌ እህት መሐል ላይ፣ ከሞተሩ ፊት ለፊት፣ ቀጥ ብላ ተቀምጣለች። ሙሴ ናትና ኮራ ብላ ነው ብዬ ነበር።

መጀመሪያ የቆምንበት ደሴት ሴትም ወንድም የሚገባበት ነው። ማረፊያው ሰፊ፣ የድንጋይ ደረጃ ያለው፣ ሁሉም ሳይቸገር ወረደ። ጸሎቱ እዚያ ተደረሰ፣ ዳቦው ተቆረሰ፣ ጽዋው ተጠጣ። የመስጠቱ ሰዓት ሲደርስ የባሌ እህት ተነሥታ ርክክቡ የመጨረሻው ደሴት ላይ፣ ከመለያየታችን በፊት ይሆናል አለች። አባም ምን ቸገረን አሉ። የፈለገችው ትልቁ ደብር ደጅ፣ ብዙ ምእመን ባለበት፣ ለባለ ፎቋ በወግ ለመስጠት ነው። ልታይ ልታይ ማለት ልማዷ ነው። ያን ዕለት ግን ጉድጓዷን በገዛ እጇ ማሰች።

ቀጥሎ ያለው ደሴት ሴት የማይገባበት ገዳም ነው። አባና አብረውን የመጡት ጥቂት ወንዶች ወርደው ወደ ላይ ወጡ። ጀልባ ነጂው እኛን ሴቶቹን ራቅ ወዳለች፣ ዳርዋ አሸዋ ወደሆነ ትንሽ ደሴት ወስዶ እዚህ ጠብቁ፣ ውኃውም ለዋና ጥሩ ነው አለን። ወጣቶቹ በቀሚሳቸው እጅ ለእጅ ተያይዘው እስከ ጉልበታቸው ገቡና መንጫጫት ጀመሩ። እኔ ነጠላዬን ጥዬ ገባሁና ዋኘሁ። እስኪደክመኝ፣ እስከ ጥልቁ። ስመለስ በጀልባው በኩል መጣሁ፤ ለማረፍ ጠርዙን ስይዘው ጀልባው ወደ ጎን ዘመም አለ።

የባሌ እህት አልወረደችም ነበር። ብቻዋን ተቀምጣለች። ጀልባው ሲዘም ያወጣችውን ድምፅ መቼም አልረሳውም፤ ጩኸት አይባልም፣ ከሆዷ የወጣ ነገር ነው። አንድ እጇ አግዳሚውን ጨምድዶ ይዟል፣ በሌላው ጽዋውን ደረቷ ላይ አጣብቃዋለች። ፊቷ ዐመድ መስሏል። ለካ ጠዋቱን ሙሉ ኩራት ያልኩት ፍርሃት ኖሯል! አይዞሽ እትዬ፣ አልኳት፣ ጠርዙንም ቀስ ብዬ ለቀቅኩት። እውነቱን ልናገር፣ አላዘንኩላትም። ጭንቅላቴ ሌላ ነገር እያሰበ ነበር።

ጣናን የሚያውቅ ያውቃል፤ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ይነሣል። ነጠላዬን ለብሼ ወደ ጀልባ ነጂው ሄድኩ። መጨረሻ የምንሄድበት ደሴት ሁለት ማረፊያ አለው። አዲሱ ሰፊና ደልዳላ ነው፤ አሮጌው የእንጨት ነው፣ በጥር ውኃው ሲሸሽ ከጀልባው እስከ እንጨቱ አንድ ሙሉ እርምጃ ክፍት ይሆናል። ለአንድ ጤነኛ ሰው ምንም አይደለም፤ ልጆች ሆነን በአንድ እግር እንዘለው ነበር። በአሮጌው በኩል ውሰደን፣ ለደብሩ ይቀርባል፣ እናቶች ደክመዋል አልኩት። አየኝ። ያገሬ ሰው ነው፣ ነገር ይገባዋል። አንቺ ካልሽ አለና ሞተሩን አስነሣ።

አባንና ወንዶቹን ከገዳሙ ወስደን ስንደርስ ማዕበሉ ጀልባውን ያንገጫግጨው ጀምሮ ነበር። እኔ መጀመሪያ ወረድኩ። አባን ክንዳቸውን ይዤ አወረድኳቸውና አጠገቤ አቆምኳቸው። ሴቶቹ አንድ በአንድ እየተሳሳቁ ተሻገሩ። ባለ ፎቋ ፀሐዩ መሯት ቀድማ ወደ ዛፉ ጥላ ወጣች። የቀረችው የባሌ እህት ብቻ ናት።

ተነሣች፣ ጀልባው ወዘወዛት፣ ተቀመጠች። እንደገና ተነሣች። ለመሻገር እጅ መያዝ አለባት፣ እጇ ደግሞ በጽዋው ተይዟል። መሬት አይቀመጥ ነገር፤ የጀልባው ወለል በውኃ ርሷል። ጀልባ ነጂው እጁን ቢዘረጋላት እሱ የማኅበሩ አይደለም፣ ጽዋ አይነካም። ዙሪያዋን አየች። እንጨቱ ጫፍ ላይ የቆምኩት እኔ ነኝ። ጫማዬን አውልቄያለሁ። ነጠላዬንም አጣፍቻለሁ። እሷ ውኃውን እንጂ እኔን አላየችም።

«ያዢልኝ» አለችኝ።

«በሁለት እጅሽ ስጪኝ፣ እትዬ፣ እንዳይወድቅ» አልኳት።

በሁለት እጇ ሰጠችኝ። በሁለት እጄ ተቀበልኩ። ሳምኩት። ጎንበስ ብዬ፣ ዳር እስከ ዳር በሚሰማ ድምፅ፣ እመቤቴ ለዓመቱ ታድርሰን፣ ተቀብያለሁ አልኩ።

ሴቱ ሁሉ ማንም ሳያዝዘው እልል አለ። ምን ያድርጉ? ዕድሜ ልካቸውን ጽዋ ሲሳም እልል ሲሉ ኖረዋል፣ አፋቸው ከሐሳባቸው ቀደመ። ከፊሎቹ ገና እያጨበጨቡ ምን እንደሆነ ገባቸውና አፋቸውን በነጠላ ያዙ። ባለ ፎቋ ከዛፉ ሥር ብድግ አለች። የባሌ እህት ጀልባው ውስጥ እንደቆመች ቀረች። ፍርሃቱ ከፊቷ ጠፍቶ ነበር፤ እኔን የምታይበት ዐይን ግን ቢችል ያሰምጠኝ ነበር።

ጀልባ ነጂው ደግፎ አሻገራት። እግሯ እንጨቱን እንደረገጠ ወደ አባ ዞረች። አልሰጠኋትም፣ ያዢልኝ ነው ያልኳት፣ መልሺ በሏት አለች።  አባ ጺማቸውን አሻሹ። ይመለስ ካሉ በዚያ ሁሉ ሴት ፊት ዳግመኛ ባዶ እጄን ልቀር ነው። ያንን እንኳን መሸከም፣ ማሰብም አልቻልኩም። ጽዋውን አጥብቄ ያዝኩት።

«ልጄ፣ ጽዋ ያዢልኝ ተብሎ አይሰጥም» አሏት አባ። «በሁለት እጅ ሰጠሽ፣ በሁለት እጅ ተቀበለች፣ እልል ተባለ። አለቀ።»

የኪራይ ቤቱን ነገር አነሣችባቸው። አባ ግራ ገባቸው፤ እመቤታችን በሰው በረት ነው የወለደችው፣ ይህን ደንብ ከየት አመጣችሁት ብለው ጠየቁ። የሴቱ ዐይን ሁሉ ወደሷ ዞረ። እሰይ! ስንት ወር የተቋጠረ ነገር ሆዴ ውስጥ ሲፈታ ተሰማኝ። ጀልባ ወደተሳፈርንበት ከተማ ስንመለስ ማዕበሉ ከፍ ዝቅ ያደርገናል፤ እኔ ጽዋውን ጭኔ ላይ አድርጌ እዘምራለሁ፣ እሷ አግዳሚውን በሁለት እጇ ይዛ አቀርቅራለች። አንዴ ቀና አለችና ተያየን። ዐይኔን አልሰበርኩም።

ጽዋው ዓዲ ሓቂ ወሩን አደረ። አከራያችን ራሷ ንጹሕ ጨርቅ አምጥታ ከመደርደሪያው ላይ አነጠፈችለት፣ ማታ ማታ እየመጣች ትሳለመው ነበር። የድግሱ ቀን የባሌ እህት አትመጣም ብዬ ነበር፤ መጣች። ሙሴ ቀረች እንዳትባል ነው። ጠላውን ጠጣች፣ ዳቦውን በላች፣ ርክክቡንም ቆማ አየች። ጽዋው በወጉ ለባለ ተራዋ ሄደ። ሁሉም ሲሄድ እሷ ወደኋላ ቀረች። በሩ አጠገብ ስትደርስ እጄን ያዘችኝ።

«ሓፍተይ» አለችኝ፣ እህቴ ማለቷ ነው፣ «በቃ እንታረቅ።»

ካገባሁ ጀምሮ ከአፏ ልሰማው የምመኘው ቃል ነበር። ስንት በዓል፣ ስንት ሐዘን ላይ ጠብቄዋለሁ። እንባዬ መጣ፤ ዋጥኩት። ባሌ ከጓዳው በር ላይ ቆሞ በዐይኑ ይለምነኛል።

«ዛሬ እዚህ እደሪ» አልኳት። «ጠዋት እንታረቃለን።»

እጇን ከእጄ አወጣች። የቆርቆሮውን ጣሪያ አየች፣ የተነጠፈውን ፍራሽ አየች፣ ከግድግዳው ማዶ የተማሪዎቹን ሙዚቃ ሰማች። ሹፌሩ ውጭ እየጠበቀኝ ነው አለች። ይሂድ አልኳት። ነጠላዋን አስተካክላ ወጣች። እመቤቴ ወር ሙሉ ያደረችበት ቤት ለእሷ ለአንድ ሌሊት አልሆነም። እስከ ዛሬ አልታረቅንም፤ እኔም አልቸኮልኩም።