ድንበር ያለፍኩበት ምሳ

«አጎቴ፣ ከፊት ለፊትህ ብላ!»

ይህን ያለችኝ የስድስት ዓመቷ የእህቴ ልጅ ናት። ያለችኝም ዛሬ ምሳ ላይ፣ ዘመድ አዝማድ ሁሉ በተሰበሰበበት።

ለቡ አዲስ የተከፈተ የሜክሲኮ አገር ምግብ ቤት ሄደን ነው። ትልቋ አክስታችን እትዬ ዘነቡ አስተናጋጁን «ለየብቻ አታምጣብን፣ አንድ ላይ አድርገው» አሉት። የበቆሎ ቺፕሱ፣ ሥጋው፣ አቮካዶው በአንድ ሰፊ ትሪ መጣ።

እትዬ ዘነቡ ቀመሱና «ጥብሳችንን ቺፕስ ላይ ደፍተው ነው እንዴ?» አሉ። እጃቸው ግን አላረፈም።

እኔ ወሬ እየሰማሁ ስበላ፣ ለካ እጄ ትሪውን ዞሮ ልጅቷ ፊት ደርሷል። አቮካዶዋን ጨርሼባታለሁ።

ሁሉም ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። እህቴ «አንተ ትልቅ ሰውዬ! እማዬ ይህን አላስተማረችህም?» አለችኝ።

አስተምራኛለች እንጂ፣ ያውም እጄን እየመታች። የጠፋብኝ ጎፋ ኮንዶሚኒየም ብቻዬን መኖር ከጀመርኩ ወዲህ ነው። እዚያ ሳህኑ ሁሉ ፊት ለፊቴ ነው። የኔን ነካህ የሚለኝ የለም።

ስንለያይ እትዬ ዘነቡ የተረፈውን አስቋጥረው «ለእራትህ» ብለው ሰጡኝ። አሁን ቤቴ ገብቼ ሳህን ላይ ገልብጬ እየበላሁ ነው። ቺፕሱ ርሶ ለስልሷል።

እናንተስ፣ ብቻችሁን መኖራችሁ ሰው መሃል ያሳበቀባችሁ ቀን አለ? እስቲ ጻፉልኝ።

እኔ እራቴን ከፊት ለፊቴ ብቻ ነው የበላሁት። የሳህኑ የወዲያኛው ጎን እንዳለ አለ።